የሥዕል ትችትና የማስታወቂያ ገንዘብ

የሥነ ጥበብ መጽሔት ባልደረባ ወደ ትርኢት ሲሄድ አንድ ዓይኑ ሥዕሉን፣ ሁለተኛው የመጽሔቱን ካዝና ያያል። ጋለሪው የማስታወቂያ ዋጋ ከፋይ ነውና፣ ያለ ይሉኝታ የሚተች ጸሐፊ የበላበትን ወጭት ሰባሪ ይባላል። ለዚህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው «አርትፎረም» ምስክር ነው። በኖቬምበር 1974 ቀራፂዋ ሊንዳ ቤንግሊስ እርቃኗን የተነሣችውን ፎቶግራፍ በማስታወቂያ ገጽ ብታወጣ፣ አምስት አዘጋጆች የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከእነርሱም ሮዛሊንድ ክራውስና አኔት ሚሸልሰን መጽሔቱን ለቀው በ1976 «ኦክቶበር»ን አቋቋሙ። በእኛ አስተያየት ግን ያ ፎቶግራፍ ቀድሞውንም በየወሩ በጸጥታ ይደረግ የነበረውን ገለጠ እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም፤ ይኸውም ገጽ በገንዘብ መገዛቱ ነው። ስለዚህ የተቺ ነፃነት የሚፈተነው የከፋዩን ደካማ ሥዕል ደካማ ነው ለማለት በመድፈሩ ነው እንላለን።