ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ሸማኔው ስም

የአዲስ አበባ ገበያ ለአንድ ነገር ዋጋ ከመስጠቱ አስቀድሞ አገሩን ይጠይቃል። የሐበሻ ዶሮ ሲባል ጣዕሙ ይመሰገናል፥ ዋጋውም ይወደዳል፤ የሐበሻ ቀጠሮ ሲባል ግን ነቀፋ ነው። አንዱ ቃል በወጥ ቤት ክብር፥ በሰዓት ነገር ኀፍረት ሆኗል። እንግዲህ ከተሜው የአገር ስም የሚጠራው መነሻን ለመመርመር ነው ለማለት አይቻልም። የበርበሬ ዘር ከአሜሪካ እንደ መጣ አስታውሶ ወጡን የፈረንጅ የሚል ማን አለ?

ከመሪ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው፥ ከየካ እስከ እንጦጦ ተራራውን የሸፈነው በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ዘሩ ከአውስትራልያ ሲሆን፥ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። የማገዶ እጦት መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውረው ተቃርቦ ነበር፤ ዛፉ ፈጥኖ ስላደገ ከተማው በስፍራው ጸና። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል፥ ነገር ግን ልብ የሚለው የለም። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ለሚወርዱት ሴቶች የእንጦጦ ዛፍ ነው። ውሃ ይጠጣል የሚለው ክስ ሊመረመር ይገባዋል፤ አገር በቀል አለመሆኑ ግን ብቻውን ጥፋት ሊሆንበት አይችልም።

በዚያው ተራራ ግርጌ፥ በሽሮ ሜዳ፥ የሚሸጠው ነጠላና ቀሚስ «የሐበሻ ልብስ» ይባላል። ድሩ በብዙው የፋብሪካ ክር ነው፤ በቅርብ ዓመታት ከቻይና የመጣው የመኪና ሥራ እንኳ በዚሁ ስም ገበያ ወጥቷል። ሸማኔው ግን «ዶርዜ» ነው። ከጨንቻ፥ ከዶኮ፥ ከኤዞ የመጣውም፥ እዚሁ የተወለደው ልጁም ዶርዜ ይባላል፤ ዶርዜ ግን ከጋሞ ደጋ አገሮች አንዱ ብቻ ነው። ዛፉ በጥቂት ትውልድ አገሬ ሲባል፥ የሸማኔው ልጅ ገና እንግዳ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። የስድቡ ቃል እየደከመ ሲሄድ የአገሩ ስም በቦታው የተተካ ይመስለኛል። ባለቤቶቹ በስማቸው መኩራታቸውን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ስሙን የሙያ መጠሪያ አድርገን የምንጽፈውን እኛን አጥኚዎቹን ነው። እኔ ራሴ ለትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ፥ ጋቢዬን ያዩ ሰዎች የየት አገር ልብስ እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ «የኢትዮጵያ» እላቸው ነበር። የሸመነውን ሰው አገር የጠየቀኝ አልነበረም፤ ብጠየቅም ኖሮ «ዶርዜ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።