የወጣቱ ኳርተርባክ ውድቀት የማን ነው?

አንድ ወጣት የተጣለበትን ተስፋ ሳይሞላ ሲቀር ፍርዱ ብዙ ጊዜ ፈጣን ነው። «ድሮውንም ተሰጥዎ አልነበረውም» ይባልና መዝገቡ ይዘጋል። ያስተማረው፣ ያሠለጠነውና መንገድ የመራው ሰው ግን ለጥያቄ እንኳ ሳይጠራ ይቀራል። ይህን አስተሳሰብ ለመመርመር የመረጥነው መስክ ከእኛ ራቅ ያለ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች አስተዳደግ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ወጣት ሥራ በቁጥር ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ የአሠልጣኙንና የሠልጣኙን ድርሻ ለይቶ ለማየት ያመቻል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ይህ ፉትቦል እኛ የለመድነው የእግር ኳስ አይደለም። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሞላላው ኳስ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል። ኳርተርባኩ የአጥቂው ወገን መሪ ነው። ከአሠልጣኙ የተላከለትን ስልት ለጓደኞቹ ይነግራል፤ ኳሱን ይቀበላል፤ ከዚያም ግዙፍ ተጋጣሚዎች ሊጥሉት እየተንደረደሩ ሳለ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ለማን እንደሚወረውር ይወስናል። ስለዚህ ከክንዱ ይበልጥ የሚፈተነው አእምሮው ነው። የአእምሮ ነገር ደግሞ የትምህርት ነገር ነው።

ወጣት ኳርተርባክን ስለ ማሳደግ ሁለት ፍልስፍናዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። አንደኛው «ዋና የሚለመደው ውሃ ውስጥ ነው» ብሎ ጀማሪውን በመጀመሪያው ዓመት ሜዳ ያስገባዋል። ሁለተኛው «ተቀምጦ ይይ፤ ይብሰል» ብሎ ከነባሩ ተጫዋች ጀርባ ያቆየዋል።

ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አላቸው። የመቀመጥ ደጋፊዎች አሮን ሮጀርስን ይጠቅሳሉ። በ2005 በግሪን ቤይ ቡድን ተመርጦ ከብሬት ፋቭር ጀርባ ሦስት የውድድር ዘመን ከቆየ በኋላ በ2008 ቦታውን ተረከበ፤ በ2010 የውድድር ዘመንም ቡድኑን ለሻምፒዮንነት አበቃ። ፓትሪክ ማሆምስም በ2017 በካንሳስ ሲቲ ተመርጦ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ ጀመረ፤ በ2018 ግን 50 ጊዜ ለታችዳውን ወረወረ። የሌላው ወገን ምስክር ፔይተን ማኒንግ ነው። በ1998 በኢንዲያናፖሊስ ገና ጀማሪ ሳለ 16ቱንም ጨዋታዎች ተሰለፈ። 28 ኳሶች ተጠለፉበት፤ ቡድኑም 3 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 13 ጊዜ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ውጤቱ ተገለበጠ፤ 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ።

እንግዲህ አንዱ ተቀምጦ፣ ሌላው ወድቆ እየተነሣ ለትልቅ ደረጃ ከደረሱ፣ ክርክሩ የተመሠረተው በተሳሳተ ጥያቄ ላይ ነው እንላለን። ሁለቱም ፍልስፍናዎች የሚለኩት ጊዜን ነው፤ ማለትም ወጣቱ ስንት ወር ተቀመጠ፣ ስንት ወር ተጫወተ የሚለውን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ተማረ፣ ከማን ተማረ፣ ትምህርቱስ ቀጠለ ወይስ ተቋረጠ የሚለውን አይጠይቁም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። የሚታቀፈው ያጣ እንቁላል ግን ቢሰነብት ይበላሻል እንጂ አይራመድም።

የማኒንግን ነገር ጠለቅ ብለን ብናየው፣ 28 ኳሶች ሲጠለፉበት የማጥቃት ክፍሉን ያሠለጥን የነበረው ቶም ሙር በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ነበር። ዋናው አሠልጣኝ በ2002 ሲለወጥ እንኳ ሙር ከነሥርዓቱ ቀጠለ፤ በዚያ ኃላፊነት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ስለዚህ የወጣቱ ስሕተት የሚቀጥለው ትምህርት መነሻ ሆነ። አስተማሪው ስሕተቱን ያውቀዋል፤ ሠልጣኙም የአስተማሪውን ቋንቋ ያውቃል።

ከዚህ ጋር የአሌክስ ስሚዝን ታሪክ እናነጻጽር። በ2005 ከሁሉም አንደኛ ሆኖ በሳን ፍራንሲስኮ ተመረጠ፤ ሮጀርስ በዚያው ዓመት የተመረጠው 24ኛ ሆኖ ነው። ስሚዝ በመጀመሪያው ዓመት ለታችዳውን የወረወረው 1 ጊዜ ብቻ ሲሆን 11 ኳሶች ተጠለፉበት። የማጥቃት ክፍል አሠልጣኙ ማይክ ማካርቲ በዓመቱ የግሪን ቤይ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሄደ፤ በዚያም ሮጀርስን አሳደገ። ለስሚዝ ኖርቭ ተርነር መጣ፤ እሱም ከአንድ ዓመት በኋላ ሄደ። ከዚያ ሆስትለር፣ ማርትዝ፣ ሬይ፣ ጆንሰን፣ በ2011 ደግሞ ሮማን ተተካኩ። በ7 የውድድር ዘመን 7 አሠልጣኞች ማለት ነው።

ይህ የስም ለውጥ ብቻ አልነበረም። በማካርቲ ሥርዓት የተቀባዮቹ አሯሯጥ በቃላት ይጠራል፤ በተርነርና በማርትዝ ሥርዓት ግን በቁጥር ይጠራል። የእግር አጣጣሉም፣ ማንን አስቀድሞ ማየት እንደሚገባውም ከሥርዓቱ ጋር ይለወጣል። ወጣቱ አንዱን ቋንቋ ሳይጨርስ ሌላውን ጀመረ፤ በመካከሉም ትከሻው ተጎዳ። በ2011 ጂም ሃርቦ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ መጣና ጨዋታውን ለስሚዝ ጠንካራ ጎን፣ ማለትም ለጥንቃቄና ለፈጣን ውሳኔ እንዲስማማ አድርጎ አዘጋጀ። በዚያ ዓመት ስሚዝ 17 ጊዜ ለታችዳውን ሲወረውር የተጠለፉበት 5 ብቻ ናቸው፤ ቡድኑም 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ሰውየው ያው ሰው ነው። የተለወጠው አያያዙ ነው።

ሆኖም ግን የአሠልጣኝ መቆየት ብቻ በቂ ነው ብንል እኛም በተራችን እንሳሳታለን። ዴቪድ ካር በ2002 አንደኛ ሆኖ በአዲሱ የሂዩስተን ቡድን ተመረጠ። ዋና አሠልጣኙ ዶም ኬፐርስ እስከ 2005 አብሮት ነበር። ነገር ግን ከፊቱ የሚሰለፉት ተከላካዮች ደካሞች ስለነበሩ በመጀመሪያው ዓመት ኳሱን እንደያዘ 76 ጊዜ ተጣለ፤ ይህም በአንድ የውድድር ዘመን የተመዘገበ ከፍተኛው ቁጥር ነው። በ2005ም 68 ጊዜ ተጣለ። በየጨዋታው የሚደበደብ ወጣት አሻግሮ ማየቱን ትቶ የሚመጣበትን ዱላ ይጠብቃል። የጽናት ትምህርት የሚጠቅመው ሠልጣኙ እንዲማር የሚያስችል ከለላ ሲኖር ነው።

ተሰጥዎንም አንክድም። ስሚዝ በካንሳስ ሲቲ በአንዲ ሬይድ ሥር አምስት የውድድር ዘመን ተጫውቶ በአንድ ዓመት ከ26 በላይ ታችዳውን አልወረወረም፤ ማሆምስ በዚያው አሠልጣኝ ሥር 50 ወረወረ። አሠልጣኝ ተሰጥዎን አይፈጥርም። ያለው ተሰጥዎ እንዲታይ ወይም ተቀብሮ እንዲቀር ማድረግ ግን ይችላል፤ የስሚዝ ስድስት ዓመታት የሚመሰክሩት ይህንን ነው።

መምህራን ሆይ፣ ይህ ነገር ከሜዳው አልፎ ወደ መማሪያ ክፍላችን ይገባል። ስለ አንድ ተማሪ «ሒሳብ አይገባውም» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ በአራት ዓመት ስንት መምህር ተፈራረቀበት ብለን እንጠይቅ። ተከታዩ መምህር ከቀዳሚው ማብቂያ ጀመረ ወይስ እንደ ባዶ ሰሌዳ ቆጠረው? ስሕተቱ ታረመለት ወይስ በቀይ ቀለም ተሰርዞ ተመለሰለት? በክፍል ውስጥስ ሳይሸማቀቅ እጁን የሚያወጣበት ከለላ አለው? ተማሪዎችም ይህን ለስንፍና ማመካኛ እንዳታደርጉት፤ ስሚዝ በ2011 ሥርዓቱ ሲስማማው ዝግጁ ሆኖ የተገኘው ለሰባተኛ ጊዜ እንደገና ለመማር ፈቃደኛ ስለነበረ ነው። የውድቀት መዝገብ ሲከፈት ከተማሪው ስም ጎን የአስተማሪው ስም ይጻፍ። ፍርዱ ትክክለኛ የሚሆነው ሁለቱም ሲመዘኑ ነው።