ማንነት ግዴታ ሲሆን፦ የዌልስ ሶሻል ወርክ ሂሳዊ ዳሰሳ

የዌልስ ሕዝብ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ይህች ትንሽ አገር በብሪታንያ መንግሥት ውስጥ እንዳለች፣ የሶሻል ወርክ ሕጓንና አሠራሯን ከትልቋ ጎረቤቷ ከእንግሊዝ እየለየች መጥታለች። ልዩነቱን የሚያስረዱ ብዙዎች ምንጩን ከሕዝቡ ባሕርይ ይመዝዛሉ፤ ዌልሳውያን ለጎረቤት ተቆርቋሪ ስለሆኑ አገልግሎታቸውም እንዲሁ ሆነ ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሌላ ነው። የአንድ ሕዝብ ማንነት ሙያን የሚቀርጸው በሕግ ሲሰፍር፣ ባለሙያ ሲመደብለትና ተጠያቂ ሲኖረው ነው። እስከዚያው ድረስ በጎ ስሜት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩ ከቋንቋ ይጀምራል። በ1847 (እ.ኤ.አ.) የለንደን መንግሥት ያስጠናው የትምህርት ሪፖርት ዌልሽኛን የኋላ ቀርነትና የሥነ ምግባር ጉድለት ምክንያት አድርጎ አቀረበው። በዚያው ክፍለ ዘመን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በቋንቋው ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። በ1965 ደግሞ ዌልሽኛ ተናጋሪው የካፔል ኬሊን መንደር ለሊቨርፑል ከተማ ውኃ ለማቅረብ ሲባል በግድብ ተዋጠ። ይህን ታሪክ ለሚያስታውስ ቤተሰብ፣ ከመንግሥት ተልኮ የመጣ ባለሙያ በምን ቋንቋ እንደሚያናግረው ቀላል ነገር አይደለም። ሶሻል ወርከር ልጅ ከወላጁ እንዲለይ ፍርድ ቤትን እስከ መጠየቅ የሚደርስ ሥልጣን አለውና፣ የቋንቋ ምርጫው የሥልጣን ጥያቄም ነው።

በ2011 የወጣው የቋንቋ ሕግ ዌልሽኛን ይፋዊ ቋንቋ አደረገው። በ2012 ለጤናና ለማኅበራዊ አገልግሎት የተዘጋጀው ማዕቀፍ ደግሞ ተገልጋዩ ሳይጠይቅ አገልግሎቱ በዌልሽኛ እንዲቀርብለት አዘዘ። የዚህ መርሕ ትልቁ ቁም ነገር ሸክሙን ከተገልጋዩ ትከሻ ማውረዱ ነው። የተጨነቀ ሰው መብቱን ለመጠየቅ ይሳቀቃል፤ ባለሙያውን ያስቸገረ ይመስለዋል። በመርሳት ሕመም የተያዙ አዛውንት ዘግይተው የተማሩትን እንግሊዝኛ ዘንግተው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ብቻ ሊቀሩ ይችላሉ። የደረሰበትን ጥቃት የሚናገር ሕፃንም ቃላቱን የሚያገኘው ቤት ውስጥ ባደገበት ቋንቋ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በቋንቋው ማነጋገር የባለሙያው ምዘና ትክክለኛነት መሠረት ነው።

ሁለተኛው የማንነት ምንጭ የሠራተኛው መደብ የመረዳዳት ልማድ ነው። የኅብረት ሥራ ንቅናቄ ፈር ቀዳጅ ሮበርት ኦወን የተወለደው በዌልሷ ኒውታውን ነው። በከሰል ማዕድን ከተማዋ በትሬዴጋር ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ ሐኪም ይቀጥሩ ነበር፤ በ1948 የብሪታንያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የመሠረተው አኑሪን ቤቫንም የዚያች ከተማ ልጅ ነው። የ2014ቱ የማኅበራዊ አገልግሎትና ደኅንነት ሕግ ይህን ቅርስ ወደ ግዴታ ለውጦታል። የአካባቢ አስተዳደሮች የኅብረት ሥራ ማኅበራትንና ተገልጋዮች ራሳቸው የሚመሯቸውን አገልግሎቶች እንዲያበረታቱ ያስገድዳል። ምዘናውም ሰውየው ለሕይወቱ ዋና ነው በሚለው ነገር ላይ ከሚደረግ ውይይት ይነሣል።

ስለ ሕዝብ ባሕርይ የሚነገረውን ትርክት ክፉኛ የሚፈትነው ግን የሕፃናት ጉዳይ ነው። በ2000 ይፋ የሆነው የዋተርሃውስ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት በሰሜን ዌልስ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ለዓመታት የተፈጸመውን በደል አጋለጠ። ተቆርቋሪ የተባለው ማኅበረሰብ በጉያው ያሉትን ልጆች ጩኸት አልሰማም ነበር። በ2001 ከመላው ብሪታንያ በፊት የሕፃናት ኮሚሽነር በዌልስ የተሾመው ከዚህ ውርደት ማግስት ነው። በ2011 የዌልስ ሚኒስትሮች የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት እንዲያጤኑ በሕግ ተገደዱ፤ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ልጅን ለመቅጣት መምታት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ከመንግሥት እንክብካቤ ወጥተው 18 ዓመት ለሚሞላቸው ወጣቶች ከግብር በፊት በወር 1,600 ፓውንድ ለሁለት ዓመት የሚሰጥ የሙከራ መርሐ ግብር ተጀመረ። እንግዲህ ዌልስን ዛሬ ከሚያስመሰግኗት ነገሮች አንዱ የልጆች ጥበቃ ከሆነ፣ ሥሩ ጥፋትን በአደባባይ ማመን ነው።

ፈተናው ግን አላበቃም። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ያሉ የዌልስ ልጆች ድርሻ ከእንግሊዝ ይበልጣል። ድህነት ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሆኖም አሃዙ መልካም ሕግ ብቻውን ቤተሰብን አብሮ እንደማያቆይ ያሳያል። የቋንቋ መርሑም ዌልሽኛ የሚናገር ባለሙያ በሌለበት ቢሮ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከዚህም ሌላ ማንነቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ አለ። በ2021 ቆጠራ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች ዌልሽኛ እንናገራለን ያሉት 17.8 በመቶ፣ ማለትም 538,000 ገደማ ናቸው። የደቡብ ሸለቆዎች የቀድሞ ማዕድን ሠራተኞች በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናቸው። በካርዲፍ ወደብ በቡታውን ሶማሌዎችና የመናውያን መርከበኞች መኖር ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዌልሳዊነት በቋንቋ ብቻ ከተለካ እነዚህ በገዛ አገራቸው እንግዳ ይሆናሉ። የዌልስ መንግሥት በ2022 የፀረ ዘረኝነት የድርጊት መርሐ ግብር ማውጣቱ ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ለዌልሽኛ ተናጋሪው አዛውንት የታሰበው ጥንቃቄ ሶማሊኛ ለምትናገረው እናትም ሊደርስ ይገባል። ሁለቱም በማይገባቸው ቋንቋ ሊዳኙ አይገባምና።

የዌልስ ልምድ የሚያስተምረው ይህን ነው። ማንነት ለሶሻል ወርክ የሚጠቅመው ባለሙያው ተገልጋዩን በራሱ ቋንቋና ታሪክ እንዲረዳው ሲያስገድድ ነው፤ ሕዝብ ራሱን የሚያወድስበት ሲሆን ግን የልጆችን ጩኸት እስከ መሸፈን ይደርሳል። ስለዚህ የአንድን አገር ሶሻል ወርክ የሚመዝን ተመራማሪ፣ ሕዝቡ ስለ ራሱ ከሚናገረው በፊት ሕጉ ማንን እንደሚያስገድድ፣ በጀቱ ለማን እንደሚደርስና ጥፋት ሲፈጸም ማን እንደሚጠየቅ ይመርምር።