ሰው ሣዩ ሴዛን

ሠዓሊው ፖል ሴዛን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፖሙና ተራራው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 ከፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ዋሽንግተን የተዘዋወረው የፖርትሬት ዐውደ ርዕይ ግን የሰው ፊት ሠዓሊነቱን አጉልቶ አሳየ። እኔም አብልጬ የምወደው ይህንን ሴዛን ነው።

የሥዕል ነጋዴው አምብሯዝ ቮላር፣ ሴዛን በ1899 እሱን ለሣለበት ሥዕል 115 ጊዜ ሳይነቃነቅ እንደተቀመጠ ጽፏል። እንዲያም ሆኖ ሥዕሉ አላለቀም። እጁን ጠጋ ብሎ ላየው፣ ቀለም ያልነካቸው ሁለት ትንንሽ ቦታዎች አሉ። ሴዛን ልኩን ቀለም ሳያገኝ በግምት ቢሞላቸው ሥዕሉን ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ እንደገና መሥራት ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ ተዋቸው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ልቤን ይነካዋል።

ባለቤቱን ኦርታንስ ፊኬን ደግሞ ከሃያ ጊዜ በላይ በዘይት ቀለም ሥሏታል። አንዳንዶች ፊቷ ስሜት የለውም ይላሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ቀይ ወንበር ላይ የተቀመጠችበትን የ1877 ገደማ ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩት፦ ጉንጯ ላይ አረንጓዴ አለ፤ ያው አረንጓዴ ወርዶ ባለመስመር ቀሚሷ ውስጥ ይገባል። ፈገግታ ባይኖራትም ሙሉ ሰው ናት።