ሃያ ሰዓት ምሽግ ውስጥ

የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሳይጨርስ የሚያልፍ ሰው፣ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከ20 ሰዓት በላይ የሚያወራ ፖድካስት ይሰማል ብትባሉ ታምናላችሁ? ይሰማል። እኔም ሰምቻለሁ።

ተራኪው አሜሪካዊው ዳን ካርሊን ነው። «ሃርድኮር ሂስትሪ» በተባለው ፖድካስቱ ላይ «ብሉፕሪንት ፎር አርማጌዶን» የሚለውን ባለ ስድስት ክፍል ሥራ ከ2013 እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) አቀረበ። ምስል የለው፣ እንግዳ የለው፤ አንድ ሰው ብቻውን ያወራል። ካርሊን የሬዲዮ ሰው ነው፤ የታሪክ ምሁር እንዳልሆነም ራሱ ይናገራል።

ታዲያ ምኑ ነው የሚይዘን? ርዝመቱ ራሱ ነው። በሶም ጦርነት የመጀመሪያ ቀን፣ ጁላይ 1 ቀን 1916፣ ከ19,000 በላይ የብሪታንያ ወታደሮች ሞቱ። መጽሐፍ ላይ ይህ አንድ መስመር ነው፤ ዓይናችሁ አንብቦት ያልፋል። ካርሊን ግን እዚያ የነበሩ ሰዎች የጻፉትን እያነበበ፣ «እናንተ ብትሆኑስ?» እያለ ምሽጉ ውስጥ ያቆያችኋል። ያኔ ቁጥሩ ሰው ይሆናል። በዚህ በኩል ሥራው ድንቅ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቀን «አይ የሰው ልጅ! ተፈጥሮው ይኸው ነው» ስንል ነው። ቆይ እስቲ፣ ናሙናው ከየት መጣ? የጦርነት ተራኪ የሚመርጠው እጅግ አስከፊውን ቀን ነው። ምንም ያልተፈጠረበት ማክሰኞ ለትረካ አይመችም።

እነዚያ ጸጥ ያሉ ቀናት ግን ብዙ ይነግሩናል። ቶኒ አሽዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በአንዳንድ ግንባሮች ጠላቶች ሳይነጋገሩ «አትንካኝ፣ አልነካህም» ተባብለው ነበር። በምግብ ሰዓት አይተኩሱም፤ መድፉንም ሌላው ወገን እንዲጠለል በተለመደ ሰዓት፣ በተለመደ ቦታ ላይ ይተኩሳሉ። አዛዦች ይህን ለማፍረስ ወረራ ያዝዙ ነበር። ሮበርት አክስልሮድ በ1984 ማብራሪያውን ሰጠ፦ ነገም ከነገ ወዲያም ከዚያው ሰው ጋር ፊት ለፊት የምትገናኙ ከሆነ፣ መተባበር ያዋጣል።

እንግዲህ በዚያው ጦርነት ሰው ገድሏል፣ ሰው ሆን ብሎም ስቷል። የትኛው ነው «ተፈጥሮው»? ሁለቱም ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሁኔታው ነው።

ስለዚህ ፖድካስቱን ስሙት፤ ሃያ ሰዓታችሁ አይባክንም። ሲያልቅ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ባልተተረኩት ቀናት ሰዎቹ ምን ሲያደርጉ ነበር?