ለሐዘንተኛ የሚሠራ ሽሮ

ሰው በሞተበት ቤት እሳት የሚያነደው ጎረቤት ነው። እድሩ ድንኳኑንና አግዳሚውን፣ ድስቱንና ሰሃኑን ያመጣል፤ ሴቶቹ እንጀራውን፣ ወጡንና ንፍሮውን ይከፋፈሉታል። ይህን ሥርዓት ሁሉም ስለሚያውቀው የሚጎድል ነገር የለም። የሚጎድለው ከሠልስት በኋላ ነው፤ ድንኳኑ ተነቅሎ እድርተኛው ወደየሥራው ሲመለስ። እኔ ድስት ይዤ የምሄደው ያን ጊዜ ነው።

የምይዘው ሽሮ ነው። ዶሮ ሠርተው የሚሄዱ አሉ፤ አክብሮታቸው ይገባኛል፣ ግን አልመክርም። ቤተ ክርስቲያናችን ምእመኑን በዓመት 180 ቀን ያህል ታስጾማለች። በዚያ ላይ ሐዘንተኛ በፍስክም ቢሆን እስከ 40ው ሥጋ አልቀምስም ብሎ በልቡ የወሰነ እንደሆነ ቀድሞ አይነግራችሁም። ደግሞ ከሐዘንተኛዋ አጠገብ የማትለየው ጎረቤቷ ሙስሊም ትሆናለች፤ ሥጋ ከቀረበ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ሽሮ ሲሆን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል።

አሠራሩ ላይ ግን እልከኛ ነኝ። ነጭ ሽሮ አበዛለሁ፣ በርበሬ ያለበትን ለቀለም ያህል ብቻ ጣል አደርጋለሁ፤ ሲያለቅስ የሰነበተ ጉሮሮ የሚያቃጥል አይችልም። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል፣ መሟሟት አለበት። ዱቄቱን እንዳይጓጉል በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ እጨምረዋለሁ። ከተንተከተከ በኋላም እሳቱን ቀንሼ አቆየዋለሁ፤ ያልበሰለ ሽሮ ሆድ ይነፋል፣ ሐዘንተኛ ደግሞ ባዶ ሆዱን ነው የሰነበተው። እንጀራውን አርሶ ብዙ ሳይታኘክ እንዲወርድ ከወትሮው ቀጠን ይላል። ተጋቢኖ ለጤነኛ ነው!

አድርሶ መመለስ አይበቃም። «ብዪ» ስትባል «በልቻለሁ» ትላለች፤ አልከራከራትም። ትሪውን ዘርግቼ፣ እጄን ታጥቤ እቀመጣለሁ። እንግዳ ብቻውን ሲበላ ማየት ስለማይሆንላት ትቀርባለች። የመጀመሪያው ጉርሻ ትንሽ ይሁን፤ አፍ የሚሞላው ለሠርግ ነው።

ጸሎቱም እንዲሁ አጭር ነው፤ አባታችን ሆይ፣ ከዚያ «ነፍስ ይማር»። «እግዜር የወደደውን ወሰደ» እያሉ የሚያጽናኑ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ልጇን ለቀበረች እናት ይህ ምን ማጽናኛ ይሆናል? ለምን ሞተ ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም፣ ዝም ብዬ አጠገቧ እቆያለሁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ አጣራለሁ፦ የሟቹን የክርስትና ስም። ካህኑ በፍትሐት የሚጠራው በእሱ ነው፤ እኔም ማዕዱ ሲባረክ በዚያው ስም እጠራዋለሁ። ያን ጊዜ ቀና ትላለች። ስሙን ያወጡት ቄስ፣ የተነሣበት ደብር፣ የክርስትና አባቱ፣ ጥምቀቱ ላይ እንዴት እንዳለቀሰ፣ ሁሉም ተራ በተራ ይመጣል። እያወራችም ትቆርሳለች፤ እኔ ወጡን ወደሷ በኩል ጨመር አደርጋለሁ።

ስወጣ ድስቴን ትቼ ነው። ለ40ው ጥቂት ቀን ሲቀረው ልወስደው እመለሳለሁ፤ ለተዝካሩ የሚለቀም ምስርና የሚበጠር ስንዴ ስለማይጠፋ አብረን እንይዘዋለን።