31 ቀለም ከአንኮበር በታች

የመጀመሪያ ታንካዬን የጻፍኩት ፊደል እየቆጠርኩ ነው። ይህ የጃፓን ግጥም አምስት ስንኝ እንዳለው፣ ልኩም 5፣ 7፣ 5፣ 7፣ 7፣ በድምሩ 31 እንደሆነ አንብቤ ነበር። የጃፓን ሆሄም እንደ እኛው ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። 31 ፊደል ደርድሬ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን አነከሰ። አንዱ ባለሰባት ስንኝ ሰባት ጊዜ ይመታል፤ ሌላው አራቴ መትቶ ያልቃል።

ምክንያቱ ሳድስ ነው። «ጨው» ለዓይን ሁለት ፊደል፣ ለጆሮ ግን አንድ ቀለም ነው። ጃፓኖች እንደ «ን» ብቻውን የቆመውን ድምፅ እንኳ አንድ ብለው ይቆጥሩታል፤ እኛ ግን ከፊቱ ካለው ጋር አጣብቀን እናልፈዋለን። የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ነው፤ ወል ቤት ስንኙን 6 ለ6፣ ሰንጎ መገን 5 ለ5 ይከፍለዋል። የታንካ አምስት ቀለም የሰንጎ መገን እኩሌታ መሆኑ የገባኝ ፊደል መቁጠሬን ስተው ነው።

ከዚያ በኋላ አሊዩ አምባ ላይ ይህን ጻፍኩ፦

ግመሉ ቆመ
ጨው ከጀርባው ላይ ሲወርድ
ዝም ብሎ አየ
ቁልቁል በጭጋግ መሃል
የመጣበትን ሜዳ

ሁለተኛው ስንኝ 13 ፊደል ነው፤ ቀለሙ ግን ሰባት። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ያለች የገበያ ከተማ ናት። ከታጁራ ወደ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን የደጋው እህልና የቆላው ጨው የሚገናኙባት ነበረች። ስለ ጃፓን የቼሪ አበባ ልጽፍ ሞክሬ አንድም ስንኝ አልተነፈሰልኝም። በደጄ ያለውን ሸክም ስጽፍ ግን ቃሉ ራሱ መጣ።

ታንካን በራሳቸው ቋንቋ ለመጻፍ ጀርመኖችም በዚህ ፈተና አልፈዋል። ካርል ፍሎሬንዝ በ1894 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ግጥሞችን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ ለአገሩ ጆሮ እንዲጥም ቤት አስመታቸው፣ አስረዘማቸውም። ዛሬ በጀርመንኛ ታንካ የሚጽፉ ብዙዎች ቤት መምታቱን ትተውታል፤ ከ31 በታች የሚያቆሙም አሉ፤ የጀርመንኛው ክፍለ ቃል ከጃፓንኛው ስለሚከብድ በዚያው ቁጥር ብዙ ነገር ይገባልና። አማርኛም እንዲሁ ነው። «የመጣበትን» የምትለው አንዲት ቃል ጉዞውንም፣ ተጓዡንም፣ ስፍራውንም ይዛለች። ስለዚህ ተማሪ ቁጥሩን ለመሙላት ትርፍ ቃል ሲጨምር ሳይ፣ ስንኙ ይጉደል እንጂ ቃል አትቀጥል እለዋለሁ።

የሚከብደን ቤት አለመምታት ነው። ጆሯችን የሁለት ስንኞችን መጨረሻ ገጥሞ መዝጋት ለምዷል። ታንካ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይሄዳል፤ ግመሉ አየ፣ ምን እንደተሰማው አልተነገረም። እሱን አንባቢው ይጨርሰው።

ሰምና ወርቅ ላደገበት ሰው ግን አንድ ነገር ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ጃፓኖች አንዱን ቃል ለሁለት ፍቺ ማጠፊያ ያደርጉታል፤ «ማትሱ» ጥድም ነው፣ መጠበቅም ነው። ይህ የእኛው ኅብር ነው። «ቡናውን ቆላ ወረደ» ብል፣ «ቆላ» የምጣዱም ነው፣ የቁልቁለቱም ነው። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ስንት ነገር እንደሚሸከም የሚያውቅ ሰው የአምስት ስንኝ ጥበት አያስፈራውም።

ታንካ በአማርኛ እንዲያድግ የምመኝ ሰው ከቁጥር ትምህርት ልጀምር አልልም። ታዋራ ማቺ የተባለች የሁለተኛ ደረጃ መምህርት በ1987 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው የታንካ መጽሐፍ በሚሊዮን የተሸጠው የዕለት ኑሮን በዕለት ቋንቋ ስለጻፈች ነው። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እንዲህ እናደርጋለን፦ አንዱ ሦስቱን የላይ ስንኞች ይጥላል፣ ሌላው ሁለቱን የታች ስንኞች ይመልሳል። የጃፓን ባለቅኔዎችም ጥንት እንዲህ ይቀባበሉ ነበር፤ በእንካ ሰላንቲያ ላደገ ልጅ ደግሞ መቀባበል ማስተማር አያስፈልገውም። መልሱ እስኪመጣ የላዩን የጣለው ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት። ታንካን የተማርኩት ከዚያ ዝምታ ነው፤ ጨው አምጥቶ እህሉ እስኪሰፈርለት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ይመስለኛል።

ይህ የዛሬው ነው፤ የታቹን ጻፉልኝ፦

ገበያው ፈታ
የጨው ፍርፋሪ ቀረ
ዝናብ ሊመጣ